መጠየቅ መካድ ነው እንዴ?

እስቲ ወሬዬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ቡድሃ ሲባል መጀመሪያ ፊታችሁ ድቅን የሚለው ምንድን ነው? ይህንኑ ጥያቄ ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። አንዱ «ያ ቦርጫሙ ሳቂታ ሐውልት ነዋ!» አለ። ሌላው የኩንግፉ ፊልም አስታወሰ። ሦስተኛው ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ «ቡዳ ነው ያልከው? እኛ ሰፈር ሞልቷል!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ያው ቀልድ እናቴን ሊያስለቅሳት ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የቦዲቲ ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ የወንጌል አማኞች ናቸው። በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መዝሙር የሰማሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ ሸምድጄ እስክሪብቶ የተሸለምኩ ልጅ ነኝ። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ቡድሂዝም የጻፍኩበት ማስታወሻ ደብተር ነበር። እናቴ ልብሴን ልታጥብ ቦርሳውን ስትከፍት አገኘችው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ቡድሃ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እሷ ያነበበችው ግን «ቡዳ» ብላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን አለፋችሁ! ማታውኑ የጸሎት እህቶቿ ተጠርተው መጡ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ስቆጥር ታናሽ እህቴ አይታኝ ኖሮ እሱም ተጨምሮ ተወራ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ የደረሰው ወሬ «የእነ እገሌ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ጣዖት ማምለክ ጀመረ» የሚል ነበር። ለአንድ ቃል አንድ ፊደል መጉደሉ ስንት ነገር እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። «ቡዳ» የሚለው ቃል በአገራችን በሸክላ ሠሪውና በብረት ቀጥቃጩ ላይ ስንት ግፍ እንዳሠራ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን የምጽፈው እናቴን ለመክሰስ አይደለም። እናቴ የፈራችው ስለምትወደኝ ነው። ግን ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጠው፦ ሰው ስለ ሌላ እምነት ስለጠየቀ የገዛ እምነቱን ካደ አይባልም። ይህን መርሳት ደግሞ በተለይ ለእኛ ለወላይታ ክርስቲያኖች የራሳችንን ታሪክ መርሳት ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

ከለቅሶ ቤት እስከ ላይብረሪ

ነገሩ የጀመረው ከላይብረሪ አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ነው። ኮሌጅ ከመግባቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አብሮ አደጌ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ኳስ አብረን የተጫወትን፣ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ልጅ ነው። ድንኳን ውስጥ ትልልቅ ሰዎች እየተነሱ «ጌታ ወደደውና ወሰደው፣ ተጽናኑ» አሉ። ቃሉ ለስንቱ መጽናኛ እንደሆነ አይቻለሁ፤ አልቃወመውም። እኔን ግን አላጽናናኝም። «ታዲያ እናቱ አልወደደችውም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ማንን ልጠይቅ? ብጠይቅ «ጠላት ሹክ አለህ» ሊሉኝ ነው። ዝም አልኩ።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ ላይብረሪ ውስጥ ስለ ዓለም ሃይማኖቶች የሚያወራ አንድ ያረጀ መጽሐፍ አገኘሁ። እዚያ ውስጥ ኪሳ ጎታሚ ስለምትባል ሴት አነበብኩ። ታሪኩ በቡድሂስቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህች ሴት አንድ ልጇ ሞተባት። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ፍለጋ ከቤት ቤት ዞረች። በመጨረሻ ቡድሃ ዘንድ ስትደርስ «ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪልኝ» አላት። ሰናፍጩ በየቤቱ አለ። ሞት ያልገባበት ቤት ግን አጣች። ሲመሽ ልጇን ቀብራ ተመለሰች።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሰናፍጭን የማውቃት ከወንጌሉ ምሳሌ ነው፤ ትንሽ ሆና ስለ እምነት የተነገረባት ዘር። እዚህ ደግሞ ያችው ዘር ስለ ሐዘን ተነገረባት። ላይብረሪው እስኪዘጋ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጓደኛዬ በሞተበት ሳምንት የእኛን ድንኳን ሞልተው የተቀመጡት ሴቶች ትዝ አሉኝ። ለካ እያንዳንዷ የራሷን ሟች ይዛ ነው የመጣችው! የወላይታ ለቅሶ ራሱ ያንን የቤት ለቤት ዙር ነው። ማንም በቃል ባይነግረኝም ድንኳኑ ሲነግረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ቀጠልኩ። ቡድሃ አምላክ ነኝ ያላለ፣ ሲዳርታ ጎታማ የተባለ ሰው ነው። የተወለደው ዛሬ ኔፓል በሚባለው አገር ሉምቢኒ ሲሆን የኖረው ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው የባላባት ልጅ ሆኖ በቤተ መንግሥት ተከልሎ አደገ። አንድ ቀን ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ሬሳና መናኝ አየ። በ29 ዓመቱ ቤቱን ትቶ ወጣ። ለ6 ዓመት ያህል ራሱን በረሃብ ከቀጣ በኋላ ያም እንደማያዋጣ ገባው። ቦድጋያ በሚባል ቦታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነቃ ይላሉ። «ቡድሃ» ማለትም «የነቃ» ማለት ነው። ዛፉ የእኛ ዋርካና ሾላ ዘመድ ሲሆን የዛፉ ስም «ቦዲ» ይባላል። ዶርም ውስጥ «ቦዲና ቦዲቲ» እያሉ የሚያሾፉብኝም ለዚህ ነው፤ መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። በነገራችን ላይ ቦርጫሙ ሐውልት ቡድሃ አይደለም። እሱ ቡዳይ የሚባል በቻይና የሚወደድ መነኩሴ ነው።

ትምህርቱ ሲጠቀለል አራት እውነቶች ላይ ይቆማል። ሕይወት ሥቃይና አለመርካት አለባት፤ የዚህም ሥር ጥማት ነው፤ ጥማቱ ሊቆም ይችላል፤ ወደዚያ የሚወስድ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ አለ። ምእመኑ ደግሞ አምስት ነገሮችን ይጠብቃል፦ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለማመንዘር፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር አለመጠጣት። ይህንን ለአባቴ ሳነብለት «ይሄማ የእኛም ቤት ሕግ ነው» አለ።

ግን ልዩነቱን ሸፋፍኜ ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። ቡድሂዝም ውስጥ ፈጣሪ አምላክ ማዕከል አይደለም። ነፍስ ደጋግማ ባትሄድም ሕይወት እንደገና ይወለዳል ይላሉ፤ ይህን ሐሳብ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ከሁሉ በላይ ጸጋ የሚባል ነገር የለም። አዳኝ መጥቶ እጅህን አይዝህም፤ መንገዱን አንተው ራስህ ትሄደዋለህ። በጸጋ ድኛለሁ ብሎ ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» የሚለው አባባል ለሰሚው ይጣፍጣል እንጂ ሁለቱንም ወገን አያከብርም።

ደግሞም «ቡድሂስት ማለት ሰላማዊ ማለት ነው» የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ በ2017 በምያንማር፣ አብዛኛው ሕዝቧ ቡድሂስት በሆነባት አገር፣ ከ700 ሺህ በላይ ሮሒንጊያ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ጥላቻ ሲሰብኩ ከነበሩት መሐል መነኮሳትም ነበሩበት። እምነቱ የሚለውና አማኙ የሚያደርገው ሁልጊዜ አይገጥምም፤ በእኛም ቤት፣ በእነሱም ቤት።

ቡድሃ በግዕዝ

አሁን ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። ይህን እንግዳ ሃይማኖት ከሩቅ ምሥራቅ ያመጣሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ለካ የቡድሃ ታሪክ ወደ አገራችን ከገባ 470 ዓመት አልፎታል! ያውም በቤተ ክርስቲያን በር።

በግዕዝ «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለ። በሕንድ አገር አንድ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ንጉሥ ነበር። ልጁ ክርስቲያን እንደሚሆን ተነገረው። ፈርቶ ልጁን በቤተ መንግሥት ዘጋበት። ልጁ ይዋስፍ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ አየ፤ ሞት እንዳለም ሰማ። በኋላ በረላም የተባለ መናኝ ነጋዴ መስሎ ገባና አስተማረው። ይዋስፍም ዙፋኑን ትቶ መነነ። ከላይ ካወራሁት ጋር አልተመሳሰለባችሁም?

አዎ፣ ያው ራሱ ነው። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት ታሪኩ ከሕንድ ተነስቶ በፋርስ በኩል ወደ ዓረብኛ ገባ። ከዓረብኛ ወደ ጆርጂያ፣ ከዚያም ወደ ግሪክና ላቲን ተሻገረ፤ በመንገዱ ላይ ክርስትና ለበሰ። ስሙም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ ቀጥሎ «ዩዳሳፍ»፣ ከዚያ «ይዋስፍ»። «ቡ» እንዴት «ዩ» ሆነ ትሉ ይሆናል። በዓረብኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ፊደላት የሚለያዩት በነጥብ ነው፤ «ባ» አንድ ነጥብ፣ «ያ» ሁለት ነጥብ። አንድ ጸሐፊ አንድ ነጥብ ቢጨምር የቡድሃ ስም ጠፍቶ ቀረ። እናቴ አንድ ፊደል ገድፋ ቡድሃን ቡዳ ብታደርገው ታዲያ ምን ይገርማል? የእኛ የፕሩፍ ሪዲንግ ክላስ ይህን ምሳሌ ቢጨምረው አይከፋም!

ወደ ግዕዝ የመለሰው ማን መሰላችሁ? እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። እኚህ ሰው የመን ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ዓመታት መርምረው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ፣ በኋላም በደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሱ ሊቅ ናቸው። «አንቀጸ አሚን» የተባለውንም መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው ናቸው። በረላም ወይዋስፍን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1553፣ ከዓረብኛ ተረጎሙ። አስቡት እንግዲህ! ራሱ ሃይማኖት የቀየረ ሰው፣ ሃይማኖት ስለቀየረ ልዑል፣ ሃይማኖቱን ቀይሮ የመጣ መጽሐፍ ተረጎመ። የኢትዮጵያ መነኮሳትም ቡድሃን ሳያውቁት አነበቡት፣ ወደዱትም።

ይህ ታሪክ «ቡድሃ የእኛ ነው» አያሰኝም፤ እንዲህ ብሎ ማጋነን ጋዜጠኝነት አይሆንም። ግን «እንግዳ» የምንለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ቤታችን ገብቶ ቡና ሲጠጣ የኖረ መሆኑን ያሳያል።

የአያቴ አባት

ወደ ቦዲቲ ልመለስ። ወሬው ከተዛመተ በኋላ አያቴ ከገጠር መጣች። ቤተሰቡ «እሷ ትገሥጸው» ብሎ ነው የጠራት። ምሳ በላን፣ ቡና ተፈላ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁጭ ብያለሁ። የምናወራው በወላይትኛ ነበር፤ በአማርኛ እንዲህ ነው ነገሩ፦

«አባቴ ጌታን ሲቀበል አባቱ ከቤት አባርሮታል» አለች። «የቤቱን መንፈስ ንቀህ የፈረንጅ ነገር አመጣህብን አለው። ሁለት ክረምት በዘመድ ቤት አደረ። እናቱ ማታ ማታ ተደብቃ እህል ትወስድለት ነበር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴም ይህን ታሪክ በደንብ ታውቀዋለች፤ በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ሆኖ ስንት ጊዜ ተነግሯል! ግን በዚያ ቀን ማንም «ምስጋና ይሁን» አላለም። ሁላችንም አንድ ነገር ያሰብን መሰለኝ።

ታሪኩን እናስታውሰው። በወላይታ ኦርቶዶክስ ክርስትና ቀድሞም ነበር። አብዛኛው ገበሬ ግን በአባቶቹ እምነት ይኖር ነበር። ከሚሲዮናውያኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነስቶ «መናፍስትን ተዉ፣ አንዱን ጦሳ ብቻ ለምኑ» እያለ ሰበከ። እ.ኤ.አ በ1928 የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ ደረሱ። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ ተጠግቶ እንዳገኙት በሚሽኑ ታሪክ ተመዝግቧል። በመሐሉ እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። በደርግ ዘመንም ብዙ አጥቢያዎች ተዘግተው አማኙ በየቤቱ ተደብቆ ጸልዮአል። በ1999 ዓ.ም ሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ከወላይታ ዞን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ ከ40 በመቶ በላዩ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው ጥቂት ወጣቶች አባቶቻቸው ያላመኑትን ለመጠየቅ ስለደፈሩ ነው። እነሱም «የፈረንጅ ነገር» ተብለዋል፣ «የአባቱን ቤት የናቀ» ተብለዋል። ደግሞ እኮ ሁሉን አልጣሉም። አባቶቻቸው ፈጣሪን የጠሩበት «ጦሳ» የሚለው ስም ዛሬም በወላይትኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር ስም ነው። ጠይቀው፣ መርምረው፣ የሚቀረውን አስቀሩ። ታዲያ የእነዚያ ጠያቂዎች የልጅ ልጆች መጠየቅን ስንፈራ አያሳዝንም?

የሚፈሩት ወገኖች ትክክል ሲሆኑ

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። እናቴ በዚያ ሰሞን «አንድ ልጅ በስልክ ተታሎ ከቤቱ ጠፋ» የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። ሐሰተኛ ነቢይ፣ ገንዘብ ሰብሳቢ «አገልጋይ» በሞላበት ዘመን ወላጅ ቢሰጋ ምን ይፈረድበታል? እኛ ወጣቶችም ጥፋት አለብን። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ቡድሃ እንዲህ አለ» እየተባለ ከሚዞረው ጥቅስ ብዙው ቡድሃ ጨርሶ ያላለው ነው። እኔም አንዱን ፕሮፋይሌ ላይ ለጥፌ ከርሜ፣ በኋላ ስፈልገው በየትኛውም ጥንታዊ ጽሑፍ አጣሁት። አፍሬ አነሳሁት። በሁለት ጥቅስና በአንድ ፎቶ «ቡድሂስት ነኝ» ማለት መጠየቅ ሳይሆን ፋሽን መከተል ነው። የዛሬ ዓመት ደግሞ ሌላ ፋሽን ይመጣል።

ሕገ መንግሥታችንም በዚህ ጉዳይ ሚዛን አለው። አንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው ኮትኩተው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያውቃል። እናቴ መብቷን ተጠቅማ አሳድጋኛለች፣ አመሰግናታለሁ። እኔ ደግሞ 21 ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ የማምነው ነገር የእኔ የሚሆነው ራሴ መርምሬ ስይዘው ነው።

የሚገርመው መመርመርን ሁለቱም ወገን ያዘዙት መሆኑ ነው። በሐዋርያት ሥራ የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስ የሰበካቸውን እንኳ መጻሕፍትን እያዩ በየቀኑ ስለመረመሩ ነው። ቡድሃም ካላማ ለሚባሉ ሰዎች ነገርን ስለተወራ ብቻ፣ ልማድ ስለሆነ ብቻ፣ አስተማሪው ስለተናገረ ብቻ እንዳይቀበሉ እንዳስተማረ ይነገራል። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ሌክቸር ከየት ይመጣል?

ለእኛ ለጋዜጠኞቹ

እንግዲህ ወደ ሙያችን ልምጣ። አብዛኞቻችን ተመርቀን በዞን ኮሙኒኬሽን፣ በአካባቢ ሬዲዮ ወይም በሌላ ሚዲያ እንሠራለን። ስለ ሃይማኖት መጻፋችን አይቀርም። በአገራችን ደግሞ ስለ ሃይማኖት የተሳሳተ አንድ ዜና ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የእኔን ወሬ አስቡት። ከቦርሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ሦስት ቀን ፈጀበት፤ በመንገድ ላይ ካገኙት ሰዎች አንድ እንኳ መጥቶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ምንጩ ግን እቤት ቁጭ ብሎ ነበር! ይህን እንደ ተበዳይ ስቀምሰው ነው የገባኝ። ስለ ሙስሊሙ፣ ስለ ኦርቶዶክሱ፣ ስለ ዋቄፈታው፣ ስለማያምነውም ሰው ስንጽፍ ሄደን ሰውየውን እንጠይቅ። የሚያምነውን በራሱ አፍ ያስረዳ። ቃሉንም በትክክል እንጻፍ፤ ነጥቧም ፊደሏም ትቆጠራለች።

«ታዲያ አሁን አንተ ምንድን ነህ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነቱን ልናገር። እሑድ እሑድ ቦዲቲ ካለሁ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ መዝሙሩ አሁንም ደረቴን ይነካዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጓደኛዬን ሳስበው ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ጥያቄ አልወረደም፤ ግን እንደ ድሮው አያንቀኝም። ቡድሂስት አይደለሁም። እንደ ልጅነቴም አላምንም። ስም ሳልሰጠው ትንሽ ልቆይ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለቅዳሜና እሑድ ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ጎመን እየከተፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያቺ ደብተርህ ላይ ያለችው ሴት…» አለችኝ። ለካ የቀረውንም አንብባዋለች። «የሰናፍጯ ሴት። መጨረሻ ላይ ልጇን ቀበረችው?»

«ቀበረችው» አልኳት።

እናቴ ከእኔ በፊት የወለደችውን ልጅ ቀብራለች። ስለሱ አውርታ አታውቅም። ቢላዋዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ስሙን ነገረችኝ። በ21 ዓመቴ የወንድሜን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ጸለየች፤ እኔም አብሬያት አይኔን ጨፈንኩ።

እኔ ባልጠይቅ ኖሮ እሷም ባልጠየቀችኝ ነበር። ወላጆች፣ የሚጠይቅ ልጅ ሲመጣባችሁ የጸሎት ቡድን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ «ምን አነበብክ?» በሉት። ልጆችም፣ ደብተራችሁን ከመደበቅ አንብቡላቸው።